ኩታ ያለበስኩት ጎማ

ስለ ድሮ ፒያሳ የሚጽፉ ሰዎች ሁሉ የኬክ ሽታ ነው የሚያነሱት። የኬክ ሽታ ለበላው ነው። የእኔ ፒያሳ ማስቲሽ ማስቲሽ ነው የምትሸተው፣ ማስቲሽ ማለት የጎማ ማጣበቂያው፣ እሱና ነጩ ዱቄት፣ እሱና ሚስማር ሲነቀል ከጎማ ሆድ እስስስ እያለ የሚወጣው የታፈነ አየር። ያንን አየር ስንት ጊዜ በፊቴ እንደተቀበልኩት እግዜር ይወቀው። ይሄን የምጽፈው ደምሴ እባላለሁ። ጎሚስታ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ስለዚህ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ነገሩ ግን አይንጋደድም። ነገሩ ቀጥ ያለ ነው። አንድ ሰው በድሎኛል፣ ስሙ ከፍያለው ነው፣ እስከ ዛሬ አልተውኩለትም፣ ወደፊትም አልተውለትም።

ጥምቀት አልፎ ነው ያገኘሁት። አሁን የምሠራው ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ከአንድ የግንብ አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ ነው። ባቡሩ ሲያልፍ የገንዳዬ ውሃ ይንቀጠቀጣል፣ አላፊ አግዳሚውም ሞባይሉን እያየ ስለሚሄድ ገንዳውን ሊረግጥብኝ ይደርሳል። የድሮው ቤቴ መንገዱ ሲሰፋ ሄዷል። ጎረቤቶቼም ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው አንዱ በዚያ ጫፍ ሌላው በዚህ ጫፍ ተበትነዋል። እኔም ደርሶኛል፣ አራተኛ ፎቅ ነው፣ እዚያ የምሄደው ለመኝታ ብቻ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ መጥቼ እዚሁ እውላለሁ። ልጆቼ፣ አባዬ ምናለ አሁን እንኳ ብታርፍ ይሉኛል። ባርፍ ኖሮ ከፍያለው የት ያገኘኝ ነበር?

የሞተር ሳይክል ጎማ ሳላቅቅ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ሽማግሌው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ፎጣ አንገቱ ላይ ስለጠመጠመ ፊቱ አይታይም። ሴትዮዋ አርባ ምናምን ይሆናታል፣ ንጹሕ ናት፣ አነጋገሯም የጨዋ ልጅ አነጋገር ነው።

«አባባ፣ ደህና አደሩ? የወንበር ጎማ ይሠራሉ? ብዙ ቦታ ጠይቄ ቱብለስ ብቻ ነው የምንሠራው አሉኝ።»

ነፋስ የሚገባበት ከሆነ እሠራለሁ አልኳት። ይሄኔ ሽማግሌው እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጣና የወንበሩን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ተጫነ፣ ለቀቀ፣ ከዚያ በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮውን ዘንበል አደረገና አዳመጠ። የማውለቂያው ብረት ከእጄ ወደቀ። እንደዚያ አድርጎ ጎማ የሚያዳምጥ ሰው በዚህ ከተማ ሁለት ብቻ ነው የቀረው። አንዱ እኔ ነኝ።

ሁለታችንንም ያስተማረን ሙሴ እያልን የምንጠራው ሽማግሌ ጣልያን ነበር። ጋራዡ ከሲኒማው ጀርባ ነበረች፣ ጠባብ ናት፣ መኪና ከገባ ሰው መውጣት አለበት። ሙሴ አማርኛው እንደ እኔ ጽሑፍ የተንጋደደ ቢሆንም ጎማ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቃል አይስትም ነበር። መጀመሪያ ተጫን፣ ቀጥሎ ምታ፣ ከዚያ አዳምጥ፣ ጎማ ራሱ ይነግርሃል ይለን ነበር። ከፍያለውና እኔ አንድ ሰሞን ነው የገባነው። ዶሮ ማነቂያ አንድ ክፍል ተከራይተን በአንድ ፍራሽ እንተኛ ነበር። እሱ ለልብስ ነፍሱ ነው። እሑድ ሲሆን እግሩ ሥር እንደ ጃንጥላ የተነፋ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ አድርጎ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ሚዶውን የኋላ ኪሱ ላይ ሰክቶ ከጊዮርጊስ እስከ ማዘጋጃ ቤት ይመላለሳል። እኔ ከካኪ ሌላ ልብስ አላውቅም ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ማኪያቶ በስሙኒ ነው፣ ግን ማኪያቶው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ለሚጠጣ ሰው ነው፣ እጁ ጥላሸት የሆነ ሰው ሲደገፍበት ባለቤቱ ደስ አይለውም። ከማዕዘኑ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ ሸክላ ካወጣ ከጠዋት እስከ ማታ እሱኑ ነው የሚያዞረው። ጥላው ስለሄደች ሴት የሚዘፈን አንድ ዘፈን ነበር፣ ክረምቱን ሙሉ እሷ ስትሄድ እኛ ጎማ ስንለጥፍ ከረምን። አሁን ያ ማዕዘን ሰፊ መንገድ ሆኗል፣ መሐሉ አበባ ተተክሎበታል። ቆንጆ ነው። ማዕዘን ግን አይደለም።

ከዚያ ዕቃ የጠፋበት ጊዜ መጣ። ለምን እንደጠፋ እኔ አልነግራችሁም፣ ያየ ያውቀዋል። ሙሴ አገሩ ገባ፣ ጋራዧን ትቶልን ሄደ፣ ከፍያለውና እኔ አብረን ያዝናት። ቤንዚን በሰልፍ ሆነ፣ ካላማዳሪ ጨርሶ ጠፋ። ካላማዳሪ የማታውቁ ልጆች እንዳትቸገሩ፣ ከጎማው ውስጥ የሚገባው፣ አየሩን የሚይዘው ቀጭኑ ላስቲክ ነው። ያኔ ጎማ ሁሉ ያለ እሱ አይቆምም። ከውጭ ስለማይመጣ አሮጌው ላይ እየለጠፍን፣ በልጥፉ ላይ እየደገምን፣ አንዳንዱ ካላማዳሪ የራሱ ቆዳ አልቆ ልጥፍ ብቻ ሆኖ ነበር። መንገዱ ደግሞ ሚስማር ነው። አትክልት ተራ የሚመላለሰው የጋሪ ፈረስ ሁሉ የጫማውን ሚስማር እያራገፈ ያልፋል። ባለ ሰይቼንቶ ታክሲዎች፣ እነዚያ ትንንሾቹ ሰማያዊና ነጭ፣ ሲሠሩ ከሚውሉት እኛ ጋ ሲጠብቁ የሚውሉት ይበልጥ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነበር፣ ሽሮ ሜዳ። ልጅ ሆኜ የሽመና ጉድጓዱ አጠገብ እየተቀመጥኩ መወርወሪያውን አቀብለው ነበር። ነጠላ አንድ ፊት ነው፣ ኩታ ድርብ ነው። አንድ ቀን የተስፋዬን ጎማ ከፍቼ ስመለከት፣ ተስፋዬ ባለ ሰይቼንቶ ታክሲ ነው፣ ሰፊ ሳቅ የነበረው ሰው፣ ጓደኛዬ፣ በአንድ ሚስማር ካላማዳሪው ከዳር እስከ ዳር ተተርትሮ አየሁና ይሄ ነገር ለምን በነጠላ ይሄዳል፣ ለምን ኩታ አይለብስም አልኩ። ቀልዴን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

የሠራሁት እንዲህ ነው። የጣሉትን የጭነት መኪና ካላማዳሪ እለቅምና ለትንሿ ጎማ በልኳ እቆርጠዋለሁ። መጋጠሚያውን ቀጥ አድርጌ ስቆርጠው ተሰነጠቀ፣ ሰያፍ ስቆርጠው ግን ያዘ። ያንን ከጎማው ውስጥ ዙሪያውን አልብሼ ዋናውን ካላማዳሪ በላዩ አደርጋለሁ። መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተፋጭተው ተቃጠሉ፣ በዱቄት አስታረቅኳቸው። ከዚያ ደግሞ የሁለቱ መሐል ባዶ ከሚሆን ብዬ ያልበሰለ ጎማ ቤንዚን ውስጥ አሟሙቼ እንደ ገንፎ የሚለጠጥ ነገር ሠራሁና በውስጠኛው ፊት ቀባሁት። ሚስማር ገብቶ ሲወጣ ያ ገንፎ ተከትሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ስንት ጎማ እንዳበላሸሁ፣ ስንቴ ጋራዧ በጭስ እንደታፈነች አልቆጠርኩም። ከፍያለው ያን ሁሉ ጊዜ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስጠርግ ነበር። አንተ ሰውዬ ጎማ ነው የምትሠራው ወይስ ሙሽራ ነው የምታለብሰው ይለኝ ነበር። ሳቅን። ያኔ ስንስቅ ደስ ይለን ነበር።

የጨረስኩ ዕለት ታክሲ ተራው ላይ ባለታክሲዎቹ ፊት ጎማውን ነፍቼ ሚስማር በመዶሻ መታሁበት። ነቀልኩት። ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። አንድ አረፋ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ወጣ፣ ከዚያ ውሃው ዝም አለ። ሰዎቹ ገንዳው ላይ አጎነበሱ። ተስፋዬ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«ደምሴ፣ ይሄን የራሴ እግር ላይ ብታደርግልኝ ከዚህ ደሴ በእግሬ እሄድ ነበር።»

ይሄን ማለቱን አልረሳም። በእግሬ ማለቱን።

አሁን ስለ ቅጠሉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ያን ጊዜ የአራዳ ጎሚስታ እያንዳንዱ ልጥፉን በራሱ ቅርጽ ነበር የሚቆርጠው። አንዱ ክብ፣ አንዱ ኮከብ፣ ከፍያለው ማዕዘኑ የዞረ አራት ማዕዘን፣ ልክ እንደ ሳሙና። የእኔ የጌሾ ቅጠል ነው፣ ረዘም ያለ፣ ጫፉ የሾለ። ቅርጹን ከቆርቆሮ ቆርጬ ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬው ነበር። ባለታክሲ ጎማው ሲከፈት ልጥፉን አይቶ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ጥሩ ሲሆን አንተን ያመሰግናል፣ ክፉ ሲሆን አንተን ይረግማል። ማኅተም ማለት ነው። የሰውን ቅርጽ መቁረጥ ነውር ነው። ሕግ የለውም፣ ማንም አልጻፈውም፣ ግን የሰውን ቅርጽ የቆረጠ ሰው የሰው ሚስት እንደነካ ነበር የሚታየው።

ኩታዬ ከታወቀ በኋላ ሰው ሁሉ ቅጠሉን ብቻ ይፈልግ ጀመር። ሳሙናውን ትታችሁ ቅጠሉን አድርጉልኝ ይላሉ። ከፍያለው ይሄን በሳቅ ነበር የሚያሳልፈው፣ እኔም ሳቁን አመንኩት።

አባቴ ሞቶ፣ ለተዝካሩ ወደ ትውልድ አገሩ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። እኔ በሌለሁበት ተስፋዬ ይመጣል። ገና ኩታ ያላለበስኩለት የፊት ጎማው ተበስቶበታል፣ ተሳፋሪው ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ቅጠሉን አድርጉልኝ ይልና ውስጥ ማን እንደሚሠራው ሳያይ ውጭ ተሳፋሪዎቹ ጋ ይቆማል። ከፍያለው ደምሴ የለም ማለት ነበረበት። አላለም። ቆርቆሮዬን ከግድግዳው አወረደ፣ ቅጠሌን ቆረጠ፣ ማስቲሹን ቀባ፣ ሳይደርቅ ለጠፈው። ማስቲሽ ሲቀባ ያብለጨልጫል፣ ያ ብልጭታ እስኪጠፋ መጠበቅ አለብህ፣ እንደዚያ ካልሆነ የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም። ይሄን የመጀመሪያ ቀን ነው የምንማረው። ከፍያለው ያውቀዋል። ቸኮለ። ቤልቦተሙን ለብሶ የሚሄድበት ነበረው መሰለኝ።

ተስፋዬ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ የፊት ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ የድልድዩን ጠርዝ መታች። ተሳፋሪዎቹ ወጡ። እሱ ግን እግሩ ተቀረቀረ፣ ሐኪም ቤት ሄዶ ሲመለስ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች አልነበረም።

ተዝካሩን ጨርሼ ስመለስ ሰው መንገድ ላይ አይቶ ይሸሸኝ ጀመር። ጋራዧ በር ላይ ያ የተቀደደ ካላማዳሪ ተጥሎ ቅጠሌ ላዩ ላይ አለች። ልጥፉን ላጥኩት። ከሥሩ ማስቲሹ እንደ ማር ይሳባል። የቅጠሉ አንገት፣ ያ የሾለው ጫፍ፣ ደግሞ ወደ ውጭ ነው የዞረው፣ እኔ በሕይወቴ አንገቱን ወደ ቫልቮላው፣ አየር ወደሚነፋበት አዙሬ ካልሆነ ለጥፌ አላውቅም። ይሄን ለሰው ሁሉ አሳየሁ። ታዲያ አንተ ካልነበርክ ቅጠልህ ከየት መጣ አሉኝ። ከፍያለውን ጠየቁት። ጊዮርጊስ አጥር ሥር ቆሞ፣ ሰው ሰብስቦ፣ እጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አንስቶ «በጊዮርጊስ፣ ልጥፉን እኔ አልነካሁትም፣ ደምሴ ሳይሄድ ሠርቶ ያስቀመጠውን ካላማዳሪ ነው የከተትኩለት» አለ። እኔ ከሰዎቹ መሐል ነበርኩ። ዓይኔን እያየ ነው የማለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር እችላለሁ። ወደ እኔ የሚመጣ ጠፋ። ከጋራዧ ወጣሁ። ከፍያለው ግን ኩታውን ያዘ፣ ልጥፉን በሳሙናው ቀየረ፣ ስሙም የከፍያለው ኩታ ተባለ። ጥሩ አድርጎ ይሠራው ነበር፣ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። ሰው ሰብስበው መፈክር እያስጮሁ ጥበበኛ የሚሸልሙበት ዘመን ነበር፣ አንድ ቀን መድረክ ላይ አውጥተው ፈጠራ ሠራ ብለው የእጅ ሰዓት ሰጡት። ሰዓቱን ያሰረ እጁን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ አየሁ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። እኔ ወደ ገጠር መንገድ ወጥቼ ለትራክተር ጎማ ስለጥፍ ስንት ዓመት አሳለፍኩ። ስመለስ ተስፋዬ ሙዚቃ ቤቱ ማዕዘን ላይ ክራንቹን አጠገቡ አስደግፎ ሎተሪ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በፊቱ አልፋለሁ። ጠዋት ጠዋት ፊቱን ያዞራል። አንድ ቀን አልቻልኩም፣ ቆምኩና ተስፋዬ፣ በእናትህ፣ እኔ አይደለሁም አልኩት። ሎተሪውን እያስተካከለ፣ ለሌላ ደንበኛ እንደሚናገር ሆኖ «ቅጠልህን አየሁት» አለ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልተለዋወጥንም። ሞተ። ቀብሩ ላይ ከበሩ ውጭ ነው የቆምኩት።

አሁን አሁን እነዚህ ኤሌክትሪክ መኪኖች ሲመጡ ጎማቸው ቱብለስ ነው፣ ካላማዳሪ የሚባል ነገር የለውም። አንዱ የተጣለ አግኝቼ በቢላ ከፈትኩት። ከውስጡ ዙሪያውን ቀጭን፣ ለስላሳ፣ አየር የማያሳልፍ ሌላ ልብስ ተለጥፎበታል። ኩታ ለብሷል። ፈረንጆቹ ከእኔ ይቅደሙ ከእኔ በኋላ ይምጡ አላውቅም፣ ደንታም የለኝም። እኔ የማውቀው አራዳ ላይ ማን እንዳሰበው ነው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ይዤ ነው ወንበሩ ፊት የቆምኩት።

«ከፍያለው» አልኩት።

ኮፍያውን ቀና አደረገ። ዓይኑ ፈዟል ግን እሱው ነው። ግንቡ ላይ የሰቀልኩትን ቆርቆሮ አየ፣ ያቺኑ የድሮዋን የጌሾ ቅጠል።

«ደምሴ» አለ። «አልሞትክም እንዴ?»

«አንተን ሳልቀብር?»

ሳቀ። ሳቁ ያው ነው። ልጁ፣ ማርታ ትባላለች፣ ዓይኗ በርቶ ትተዋወቃላችሁ እንዴ አለችኝ። በአንድ ፍራሽ ተኝተናል አልኳት። ደስ አላት። አባቴ ድሮ ትልቅ ጎሚስታ ነበር፣ ፈጠራ ሠርቶ ተሸልሟል፣ ሰዓቱ እስከ ዛሬ ቁምሳጥናችን ላይ በመስታወት ውስጥ አለ አለችኝ። እሺ ልጄ አልኳት። ወንበሩን ልሠራው ስለሆነ አባትሽን እናውርደው አልኩና ሁለታችን ደግፈን አሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ላይ አስቀመጥነው። ሁለቱንም የወንበር ጎማ አወለቅኩ። አሁን ካለበት የትም አይሄድም።

ካላማዳሪውን አወጣሁ፣ ሞረድኩት፣ ማስቲሽ ቀባሁት፣ አጠገቤ አስቀምጬ እጄን አጣጠፍኩ። ያው ሽታ መጣ። ትንሽ ቆየና ከፍያለው ደርቋል እኮ አለኝ። አልደረቀም አልኩት። ፀሐይዋ ከሸራው ዞራ እሱ ላይ አረፈች። ማርታ ነጠላዋን ልታለብሰው ስትነሳ ተይው፣ ጎሚስታ ነው፣ ፀሐይ ያውቃል አልኳት። ውሃ ስጡኝ አለ፣ ሰጠሁት፣ ክፉ አይደለሁም። አሁንስ አለ።

«አሁንም አልደረቀም። ያኔም እንዲህ ነው የቸኮልከው።»

ማርታ መቼ ነው የቸኮለው ብላ ጠየቀች። አንተ ንገራት አልኩት። ለእሷ ካልነገርካት ጎማህ እንዲሁ እንደተፈታ ነው፣ እኔ ሸራዬን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ መሄድ እችላለሁ፣ አንተ ግን አትችልም አልኩት። ጨካኝ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ነው።

ፊቱን ወደ ገንዳው አዞረ። ከዚያ ቀና ሳይል ተናገረ።

«የተስፋዬን ጎማ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቅጠሉንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ደምሴ ከተማ ውስጥ አልነበረም።»

«ቀጥል።»

«ኩታውንም ያሰበው እሱ ነው።»

ማርታ አልጮኸችም። አባቷን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «ሰዓቱስ?» አለች።

አባቷ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። እኔ ሰዓቱን አልፈልገውም፣ ቆሞም ይሆናል። ተነስታ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ያኔ ነው ከፍያለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንግዲህ ደምሴ ይቅር በለኝ፣ ሁለታችንም ወደ መሄጃችን ነን ያለኝ።

«አንተ ቅደምና ተስፋዬን ጠይቀው» አልኩት። «እሱ እሺ ካለህ ላክብኝ።»

ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም። ከሞተር ሳይክል ካላማዳሪ ቆርጬ ሁለቱንም ጎማ ኩታ አለበስኳቸው። ሰያፍ ቆርጬ፣ ዱቄት ነስንሼ፣ ገንፎውን ቀብቼ። የሰረቅከኝ ኩታ ላይ ተቀምጠህ ኑር ብዬ ነው። ማስቲሹ ብልጭታው ሲጠፋ ቅጠሌን በአውራ ጣቱ እሱ ራሱ እንዲጫነው አደረግኩ፣ አንገቷን ወደ ቫልቮላው አዙሬ ሰጥቼው። በቃህ እስክልህ ድረስ አትልቀቅ አልኩት። እንደተጫነ ያዘው። በመጨረሻ ደግሞ የሁለቱንም ቫልቮላ ቀየርኩ። የድሮ ዓይነት አለችኝ፣ አፏ ከአሁኑ መንፊያ ጋር አይገጥምም፣ የምትገጥመው ከሙሴ ከወረስኩት የእጅ መንፊያ ጋር ብቻ ነው። ለማርታ እንዲህ አልኳት። ልጄ፣ ጎማ ሁሉ ውሎ አድሮ ይተነፍሳል። ሲላላ ከእኔ በቀር ማንም አይነፋልሽም። ይዘሽው ትመጫለሽ። ዋጋ አልቀበልሽም። በመጣ ቁጥር ግን እዚህ አጥር ሥር ላለ ሰው፣ ለተሸካሚውም ይሁን ለተማሪው፣ ያን የነገረሽን ነገር ይነግረዋል፣ ከዚያ እነፋለታለሁ።

በየሁለት ሳምንቱ እንደሚመጣ ነበር ያሰብኩት። እስኪሞት በየሁለት ሳምንቱ ሲናገር ታየኝ። የሚያዳምጠው ሰው ተስፋዬን ባያውቀውም፣ ያን ማዕዘን ባያውቀውም፣ ይናገር። የድሮዎቹ ሰዎች ተበትነው ሄደዋል፣ የቀረው መንገደኛ ነው፣ መንገደኛም ጆሮ አለው። መንፊያዋን ዘይት ቀብቼ፣ ጠርጌ፣ ከቅጠሉ ሥር ሰቀልኳት።

አልመጣም። ዐቢይ ጾም ገባ፣ አልመጣም። ፋሲካ አለፈ። ታሞ ይሆን ብዬ ተናደድኩ፣ ሞቶ ከሆነ አመለጠኝ ብዬ ነው የተናደድኩት። አንድ ማለዳ ማርታ ስድስት ኪሎ ወደምትሠራበት ኮፒ ቤት ስትሄድ አይታኝ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታየኝ አንገቷን ደፍታ ነው ሰላም የምትለኝ። አባትሽስ አልኳት። ደህና ነው አለች። ጎማውስ?

«ጋሼ፣ እንደ ድንጋይ ነው። አንድም ቀን አልላላም። አባባ ጠዋት ጠዋት በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፣ በጥፍሩ ይመታዋል፣ ያዳምጠዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ይስቃል።»

መንፊያዬን አየኋት። ኩታውን አልብሼ፣ ገንፎውን ቀብቼ፣ ቅጠሉን በራሱ ጣት አስይዤ፣ ከዚያ ይተነፍሳል ብዬ ቁጭ ማለቴ ነው። የእኔ ኩታ አይተነፍስም። ይሄን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፣ እኔ ራሴ በንዴት ረስቼው ነበር። ገና ቆርጬ ሳለብሰው ነው ያወቀው፣ ቁጭ ብሎ አይቶ ዝም ያለኝ ለዚህ ነው። ማርታ ስትሄድ ሚስማር ይዤ ቤቱ ልሂድ ብዬ ተነስቼም ነበር። ሚስማሩም እንደማይበሳው ትዝ ሲለኝ ተቀመጥኩ።

ስለዚህ ይሄን ጻፍኩ። እሱ መጥቶ የማይናገር ከሆነ እኔ እናገራለሁ። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ በእኔ በኩል ሳይሆን በወዲያኛው፣ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ኮፍያ የደፋ ሽማግሌ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፋ ብታዩ ጎማዎቹን ተመልከቱ። ጥሩ የተነፉ ናቸው። ጠጋ ብላችሁ ይሄን የሠራው ማን ነው በሉት፣ ተስፋዬ የሚባል ሰው ታውቅ ነበር ወይ በሉት፣ ልጁም ትስማ። መልስ ካልሰጣችሁ አትልቀቁት። እኔ እዚሁ ሸራዬ ሥር ነኝ፣ መንፊያዋም ከቅጠሉ ሥር እንደተሰቀለች ናት። ጎማው ከላላ የትም አያስነፋውም፣ ወደ እኔ ነው የሚመጣው።

አይላላም። እሱ ነው የሚያቃጥለኝ።